ከመደበኛው ትምህርት ጎን ስላሉ ልዩ የትምህርት ዕድሎች

በኮሌጅ የሚኖር ተማሪ ዘመኑን የሚቈጥረው ብዙ ጊዜ በፈተና ነው። አንዱ ሴሚስተር ያልቃል፤ ሌላው ይተካል፤ ደብተሩ ይሞላል፤ ውጤቱም ይለጠፋል። በዚህ ዓይነት ዓመታቱ አልፈው ተማሪው ጋዋን ለብሶ ሲወጣ፣ ከመምህሩ አፍ ሰምቶ በፈተና ወረቀት ላይ ከመለሰው በቀር በራሱ ድካም ፈልጎ ያገኘው ዕውቀት ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ መልስ የሚያጣው ጥቂት አይደለም። ለዚህ ጕድለት መድኃኒት እንዲሆኑ ታስበው በልዩ ልዩ አገር የተቋቋሙ ፕሮግራሞች አሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም እነዚህ ፕሮግራሞች እንዴት እንደ ተጀመሩ፣ እንዴት እንደሚሠሩና አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ምን ሊጠቀምባቸው እንደሚችል ማስረዳት ነው።

ብዙዎቻችን ልዩ የትምህርት ዕድል ሲባል በአውሮፕላን ተሳፍሮ መሄድ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን አንድ ፕሮግራም በእውነት ዕድል የሚሆነው ሦስት ነገሮች ሲሟሉለት ነው። አንደኛ፣ ተማሪው የራሱ የሆነ ጥያቄ ይዞ ሲገባ፤ ሁለተኛ፣ የሠራው ሥራ በዩኒቨርሲቲው ዘንድ ሲቈጠርለት፤ ሦስተኛ፣ ያገኘውን ዕውቀት ተመልሶ ለሌሎች ሲያካፍል። ከዚህ በታች የሚነገሩትን ሁሉ አንባቢ በእነዚህ በሦስቱ ሚዛን እንዲመዝናቸው እንለምናለን።

1ኛ/ በውጭ አገር የሚደረግ ትምህርት

በአሜሪካ የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ የፈረንሳይኛ መምህር የነበረው ሬይመንድ ኪርክብራይድ፣ ቋንቋን የሚማር ሰው ከቋንቋው ባለቤቶች ጋር መኖር አለበት ብሎ ያምን ነበር። ሐሳቡን የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዋልተር ሀሊሄን ደገፉለት፤ ለሥራው የሚያስፈልገው ገንዘብም ከግል ለጋሾች ተገኘ። በ1923 እ.ኤ.አ. ኪርክብራይድ ስምንት ተማሪዎች አስከትሎ በመርከብ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ በናንሲ ከተማ ቋንቋውን አጠናከሩ፤ ከዚያም ወደ ፓሪስ ሄደው በሶርቦን ተማሩ። የዓመቱ ትምህርት ለዲግሪያቸው ስለ ተቈጠረላቸው፣ ሲመለሱ ከጓደኞቻቸው ወደ ኋላ አልቀሩም። የጕዳዩ ቁልፍ ያለው በዚህ ላይ ነው፤ የማይቈጠር ትምህርት ለድኻ ልጅ የአንድ ዓመት ኪሳራ ነውና።

አውሮፓውያንም ኤራስመስ የሚባለውን ፕሮግራም በ1987 እ.ኤ.አ. ሲጀምሩ ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። በመጀመሪያው ዓመት 11 አገሮች ተባብረው 3,244 ተማሪዎች ተለዋወጡ። ሕጉ ቀላል ነው። ተማሪው ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ ከመነሣቱም በፊት የሚማራቸው ኮርሶች በጽሑፍ ውል ተዘርዝረው ተማሪው፣ ላኪውና ተቀባዩ ይፈርሙበታል። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይኸው ፕሮግራም አፍሪካን ጨምሮ ከአውሮፓ ውጭ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎችም በር ከፍቷል። ነገር ግን በዚህ በኩል አንድ ተማሪ ለሴሚስተር ልውውጥ ብቻውን አመልክቶ አይሄድም፤ አስቀድሞ ዩኒቨርሲቲው ከአውሮፓዊው ዩኒቨርሲቲ ጋር ስምምነት ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ የተማሪው የመጀመሪያ ጥያቄ "እንዴት ልሂድ?" ሳይሆን "ዩኒቨርሲቲያችን ከማን ጋር ተስማምቷል?" የሚል መሆን አለበት።

መሄድ ያልቻለም ቢሆን ከልውውጥ ትምህርት ሊካፈል ይችላል። ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ለሌሎች አፍሪካውያን ወጣቶች የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጥቶ ነበር። ወደ አዲስ አበባ የመጡት ተማሪዎች ለነጻነት ከሚታገሉ ወይም ነጻነታቸውን ገና ካገኙ አገሮች የመጡ ነበሩና የፖለቲካውን ክርክር ይዘውት መጡ። ስለዚያ ዘመን ተማሪዎች የጻፉ የታሪክ ሰዎች፣ የእነዚህ እንግዶች መምጣት የአገሩን ተማሪ አስተሳሰብ እንዳነቃቃ ይመሰክራሉ። ከአገሩ ሳይወጣ በአንድ ገበታ ተቀምጦ አፍሪካን ያወቀ ተማሪ ነበረ ማለት ነው። ዛሬም በመኝታ ቤታችን ከሌላ አገር የመጣ ተማሪ ቢኖር፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ መጠየቅ ያለ ፓስፖርት የሚገኝ ትምህርት ነው።

2ኛ/ ከመምህር ጋር የሚደረግ ምርምር

ምርምር የመምህራን ሥራ ነው፤ የተማሪ ሥራ ማጥናት ነው የሚል አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ ቈይቷል። በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በማርጋሬት ማክቪካር መሪነት የተጀመረው ፕሮግራም ይህን ግድግዳ አፈረሰ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው ከመምህሩ ጋር በምርምር ሥራ ይገባል፤ ለሥራውም ወይ ክሬዲት ያገኛል፤ ወይም ደመወዝ ይከፈለዋል። በአገራችንም ጅማ ለዚህ ምሳሌ ትሆናለች። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ትምህርቱን በኅብረተሰቡ ችግር ላይ መሥርቶ፣ የተማሪዎች የምርምር ፕሮግራም በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አስገብቷል።

3ኛ/ ከሕዝብ መካከል የሚቀሰም ትምህርት

በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ሠራተኞችን በየሙያቸው ካስተማረ በኋላ፣ በአንድ ቡድን አድርጎ በጤና ጣቢያ ያሠለጥናቸው ነበር። ነርሷ ያየችውን የጤና መኮንኑ ይሰማል፤ የውሃውንና የመጸዳጃውን ነገር የሚያውቀው ደግሞ ለሁለቱም ያስረዳል። በሽታ በክፍል በክፍል ተለይቶ እንደማይመጣ ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር መጽሐፍ የለም።

ከ1957 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለውን ፕሮግራም አቋቋመ። ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ሙሉ ዓመት በአገልግሎት ላይ ማሳለፍ ግዴታው ሆነ። ብዙዎቹ ወደ ጠቅላይ ግዛት ትምህርት ቤቶች ሄደው አስተማሩ፤ መጠነኛ የኑሮ አበልም ይሰጣቸው ነበር። ይህ ፕሮግራም ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ቀርቷል። ከከተማ ወጥቶ የማያውቀው ተማሪ ግን በዚያች ዓመት የገጠሩን ልጅ ረኃብና የትምህርት ጥማት በዓይኑ አየ፤ ከዚያ በኋላ ስለ አገሩ ሲከራከር የሚናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም።

4ኛ/ የአርት ፋኩልቲ ተማሪስ?

ሐኪሙ ጤና ጣቢያ፣ መሐንዲሱም ላቦራቶሪ አለው፤ የታሪክና የቋንቋ ተማሪ ምን አለው? የሚል ይኖራል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው፣ ለእኛ የሚሆነው ሥራ በአጠገባችን ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ ማኅበር ተቋቁሞ መጽሔት ያወጣ ነበር። ተማሪዎች ስለ ጋብቻ፣ ስለ ልደትና ስለ ሌላው የአገር ልማድ ከሽማግሌዎች ጠይቀው ጻፉበት። ያ መጽሔት ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደ ገና ታትሟል፤ ተመራማሪዎችም ይጠቅሱታል።

የመመረቂያ ጽሑፍም እንዲሁ ነው። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ ዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ከጠቀሷቸው ጽሑፎች መካከል፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የጻፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ይገኙባቸዋል። እንግዲህ አንዱ ተማሪ ከጓደኛው ገልብጦ በሳምንት የሚጨርሰው ወረቀት፣ ሌላው በጥንቃቄ ቢሠራው ለአገር ታሪክ ምንጭ ይሆናል ማለት ነው። ከልዩ ዕድሎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው ብንል አልተሳሳትንም፤ ቪዛ አይጠይቅም፤ ለሁሉም ተሰጥቷልና።

5ኛ/ እንዴት እንዘጋጅ?

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ማስታወቂያ ከተለጠፈ በኋላ ብቻ የሚጀመር ዝግጅት ዋጋ የለውም። ስለዚህ፤

ሀ/ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነገር የሚችል የጥናት ጥያቄ ያዝ። "ታሪክ እወዳለሁ" ጥያቄ አይደለም፤ "የሰፈራችን ገበያ ከቀድሞው ቦታው ለምን ተነሣ?" ግን ጥያቄ ነው።

ለ/ ቢያንስ ሁለት መምህራን በሥራህ ይወቁህ። ስምህን እንጂ ሥራህን የማያውቅ መምህር የሚጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ ባዶ ነው።

ሐ/ ከመሄድህ በፊት የምትማራቸው ኮርሶች እንደሚቈጠሩልህ ከትምህርት ክፍሉና ከሬጂስትራር በጽሑፍ ተቀበል። የቃል ተስፋ ከኃላፊው ጋር ይዛወራል።

መ/ "ሙሉ ወጪ ይከፈላል" የሚለውን እስከ መጨረሻው አንብብ። ፓስፖርቱን፣ ቪዛውን፣ ኢንሹራንሱንና የመመለሻውን ቲኬት ማን እንደሚከፍል በዝርዝር እወቅ።

ይህ ምክር ለእኅቶቻችንም ነው፤ እንዲያውም ይበልጥ ለእነርሱ ነው። ችሎታው ሳያንሳት "ይህ ለእኔ አይሆንም" ብላ ሳታመለክት የምትቀረው ተማሪ ቍጥሯ ብዙ ነውና።

በመጨረሻም የማኅበራችንን ድርሻ እንጠቍማለን። የዕድል ወሬ ዘመድ ላለውና በስልኩ ቀን ከሌት ኢንተርኔት ለሚያገኘው ቀድሞ ይደርሳል፤ ከሩቅ አገር መጥቶ በመኝታ ቤት የሚኖረው ግን ቀኑ ካለፈ በኋላ ይሰማል። በችሎታ መበላለጥ ያለ ነገር ነው፤ በወሬ መበላለጥ ግን ግፍ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ለዚህ ጕዳይ ብቻ ቢለይ፣ የእያንዳንዱን ፕሮግራም ፍሬ ነገር በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች እየጻፈ ቢለጥፍ፣ ከልውውጥም ሆነ ከመስክ ሥራ የሚመለስ ተማሪ ሁሉ ያየውን በአንድ ምሽት ለጓደኞቹ እንዲናገር ቢያደርግ፣ የሚያስከፍለው ገንዘብ ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። አንድ ሰው ሄዶ አርባ ሰው የሚማረው በዚህ መንገድ ነው። ሰሌዳው እስኪተከል ግን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጥያቄውን ዛሬ ማታ በደብተር መጻፍ ይቻላል።