«አልተስማማኝም» ሌላ፣ «ተበላሽቷል» ሌላ፦ የገዛነው ዕቃ ሲበላሽ ያለን መብት

በብዙዎቻችን ቤት የዕብራይስጥ ደብዳቤ አንባቢው፣ ስልክ ደዋዩና አስተርጓሚው ተማሪው ልጅ ነው። የኩፓት ሆሊም ቀጠሮ፣ የአርኖና ወረቀት፣ የታናናሾቻችን የወላጅ ስብሰባ ሁሉ በእኛ በኩል ያልፋል። አዲስ የተገዛ ማቀዝቀዣ ወይም ልብስ ማጠቢያ ሲበላሽም ሱቅ የምንላከው እኛው ነን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ብልሽት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በእስራኤል ሕግ ምን መብት እንዳለው እናያለን። የምንጀምረው ግን ከትርጉሙ ነው፤ ብዙ ጊዜ መብቱ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነውና።

አንዲት እናት ማቀዝቀዣ በ4,000 ሸቅል፣ በ10 ታሽሉሚም ገዙ እንበል። ወር ሳይሞላው ማቀዝቀዝ አቆመ። ሱቅ ሄደው የሚሉት «ይሄ ዕቃ አልተስማማኝም፣ ውሰዱልኝ» ነው። በአማርኛ ይህ የጨዋ ንግግር ነው። ሰው ፊት ቆሞ «የሸጥክልኝ ብልሹ ነው» ማለት ለእናቶቻችን ይከብዳቸዋል። ልጅ ቃል በቃል ሲተረጉመው ግን «ሎ ማትኢም ላ» ይሆናል፤ ሻጩም የሚሰማው «ሐሳባቸውን ቀየሩ» የሚል ነው። መልሱም ዝግጁ ነው፦ «ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክቷል፣ አይመለስም።»

ሻጩ ለሰማው ነገር የሰጠው መልስ ስሕተት አይደለም። በ2010 የወጣው የግዢ መሰረዣ ደንብ የተጻፈው ሐሳቡን ለቀየረ ገዢ ነው። ከ50 ሸቅል በላይ የሚያወጣን አብዛኛውን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ፣ ልብስና ጫማን ግን በ2 ቀን ብቻ መመለስ ይፈቅዳል። ዕቃው ያልተጠቀሙበት መሆን አለበት፤ ኤሌክትሪክ፣ ጋዝ ወይም ውኃ ላይ ማገናኘት ደግሞ እንደ መጠቀም ይቆጠራል። ሱቁ ለመሰረዣ የዋጋውን 5 በመቶ ወይም 100 ሸቅል፣ ከሁለቱ ያነሰውን፣ ሊያስቀር ይችላል።

ብልሽት ግን ሌላ መንገድ ነው። ይህ የሚዳኘው በ1968ቱ የሽያጭ ሕግ ሲሆን፣ ስምምነቱን የማያሟላ ዕቃ ያስረከበ ሻጭ ግዴታውን አልፈጸመም ይላል። እዚህ «ተሰክቷል» የሚለው መልስ ቦታ የለውም። ማቀዝቀዣ ሳይሰካ አለመሥራቱ በምን ይታወቃል? በሳምንቱ ሶሉ የተላቀቀ ጫማ ይዞ የሄደ ተማሪም «2 ቀን አልፏል» ቢሉት ያ ቀን የተቆጠረው ሐሳቡን ለቀየረ ሰው መሆኑን ይንገራቸው። ስለዚህ ቆጣሪው ጋ የምንላት የመጀመሪያ ቃል «ፓጉም» ትሁን። አባታችን «አልፈልገውም» ቢሉም እኛ «ሀሙጻር ፓጉም» እንበል። ይህ ትርጉም ማጣመም አይደለም፤ የአባታችንን ሐሳብ በትክክል ማድረስ ነው።

በኤሌክትሪክ፣ በኤሌክትሮኒክስና በጋዝ ለሚሠሩ አዳዲስ ዕቃዎች፣ በጣም ርካሾቹን ሳንጨምር፣ የ2006 ደንብ ቢያንስ የአንድ ዓመት አሕራዩት ይሰጣል። ጥገናው ክፍያ የለውም፤ ካልተጠገነ ዕቃው ይቀየራል ወይም ገንዘቡ ይመለሳል። ብልሽቱን ያመጣው ገዢው ራሱ ከሆነ ወይም ያልተፈቀደለት ሰው ከፍቶ ነካክቶት ከሆነ ግን ዋስትናው ይወድቃል። የሰፈሩን ጎበዝ ጠጋኝ ከመጥራት በፊት ይህን ማሰብ ነው፤ «በ100 ሸቅል ይሠራልናል» ተብሎ ዋስትናው የሚበላሽበት ቤት ብዙ ነው። የአሕራዩት ጥገና የአምራቹ ወይም የአስመጪው ሥራ ስለሆነ «አስመጪው ጋ ደውሉ» የሚለው መልስ ሁልጊዜ ማባረሪያ አይደለም። ሆኖም የሽያጭ ሕጉ በሻጩ ላይ የጣለውን ግዴታ አያነሳለትም። ለአስመጪው ደውለን ለሱቁም እንጻፍ።

እንጻፍ ያልነው በምክንያት ነው። የሽያጭ ሕጉ ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ወዲያው ለሻጩ እንዲያሳውቅ ያዛል። በቃል የተነገረ ነገር ደግሞ ሦስት ወር ቆይቶ ማን ያስታውሰዋል? ዋትስአፕም ኢሜይልም ይበቃል፦ ዕቃው መቼ ተገዛ፣ ምን ሆነ፣ ምን እንጠይቃለን። የደረሰኙን ፎቶ አብረን እንላክ፤ የሱቅ ደረሰኝ ቀለሙ ቶሎ ስለሚጠፋ በተገዛበት ዕለት ፎቶ ማንሳት ይሻላል። ግዢው ከተሰረዘም ታሽሉሚሙ በሙሉ መቆሙን በሚቀጥለው ወር የካርድ ዝርዝር ላይ እናረጋግጥ።

ቴክናዩ «ጠዋት እመጣለሁ» ብሎ ቀኑን ሙሉ የሚያስጠብቅበት ዘመንም በሕግ ተገድቧል። በአሕራዩት ለሚመጣ ቴክናይ ከተቀጠረው ሰዓት ከ2 ሰዓት በላይ መጠበቅ የ300 ሸቅል፣ ከ3 ሰዓት በላይ የ600 ሸቅል ካሣ ያስጠይቃል፤ ጉዳት ደርሶብኛል ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም። ቀጠሮውንም በጽሑፍ እንዲልኩልን እንጠይቅ።

ሱቁ እምቢ ካለ የትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤት አለ። ከ35,000 ሸቅል በላይ የሆነ ክስ እንኳ ይቀበላል፤ ጣሪያው በየዓመቱ ይታደሳል። ክፍያው 1 በመቶ አካባቢ ነው። ያለ ዳኛው ፈቃድ ጠበቃ ማቆም አይቻልም፤ ይህ ለኛ ጥሩ ነው፣ ሱቁም የሕግ ባለሙያ ይዞ አይመጣብንም። ብዙ ጊዜ ግን «እከሳለሁ» የሚል ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ ራሱ ነገሩን ያንቀሳቅሰዋል።

ወላጆቻችን ዕብራይስጥ አለማወቃቸው ጥፋታቸው ነው የሚል ሻጭ ካለ፣ ሕጉ ተቃራኒውን ይላል። የ1981ዱ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ፣ ገዢው ውሉ የተደረገበትን ቋንቋ በበቂ ሁኔታ እንደማያውቅ እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው በዚያ የተጠቀመን ነጋዴ ይከለክላል። በስልክ ለሚሸጡላቸውም ልዩ ጊዜ ሰጥቷል። ማንኛውም ገዢ የርቀት ግዢን በ14 ቀን መሰረዝ ሲችል፣ 65 ዓመት የሞላው፣ አካል ጉዳተኛ፣ ወይም የዖሌ ምስክር ወረቀት ካገኘ 5 ዓመት ያልሞላው ሰው ግን ከሻጩ ጋር ንግግር ተደርጎ የተገዛውን በ4 ወር ውስጥ መሰረዝ ይችላል። ለዚህ ዕቃው መበላሸት አይኖርበትም፤ እዚህ ላይ «አልተስማማኝም» ይበቃል። በመሰረዣው ደብዳቤ የመታወቂያውን ወይም የዖሌ ምስክር ወረቀቱን ቅጂ እናያይዝ።