ማሽኑን የሚያውቁት ሰው ጡረታ ሲወጡ

በቶሮንቶና አካባቢዋ ስንቱ ወገናችን ፋብሪካ እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። አንድ የማውቃቸው አባት በፕላስቲክ ፋብሪካ ለዓመታት ሠርተዋል። ማሽኑ ሊበላሽ ሲል በድምፁ ይለዩታል። እንግሊዝኛቸው ግን ይህን ለማስረዳት አይበቃም፤ የጠየቃቸውም አልነበረም። ጡረታ ሲወጡ ዕውቀቱም አብሯቸው ወጣ።

ጃፓናዊው ምሁር ኢኩጂሮ ኖናካ በሰፊው የጻፈው ስለዚህ ዓይነቱ፣ በእጅ ኖሮ በቃል ስላልወጣ ዕውቀት ነው። የታወቀው ምሳሌው የዳቦ ማሽን ነው። በ1985 (እ.ኤ.አ.) የማትሱሺታ ኩባንያ ማሽን ዳቦውን ውጩን እያሳረረ ውስጡን ጥሬ ያስቀረው ነበር። ኢኩኮ ታናካ የምትባል የሶፍትዌር ባለሙያ ኦሳካ ውስጥ በዳቦው የታወቀ ሆቴል ሄዳ ከዋናው ጋጋሪ ሥር ተማረች። ሰውየው ሊጡን የሚስብበት የራሱ መንገድ ነበረው። እሱን አይታ ከመሐንዲሶቹ ጋር ማሽኑ ውስጥ ጎድን መሰል ነገር አስገቡበት፤ ዳቦውም ተስተካከለ። (የእንጀራ ሊጥ መቼ እንደደረሰ እናታችሁን ጠይቁ፤ “ስታየው ታውቀዋለህ” ነው መልሱ።)

አገራችንም ሞክራዋለች። በጃፓኑ ጃይካ ድጋፍ ካይዘን ከ2009 ጀምሮ በ30 ፋብሪካዎች ተሞከረ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። እኔን የሚገርመኝ ትርጉሙ ነው። በጃፓንኛ በአንድ ድምፅ የሚጀምሩት አምስት ቃላት በአማርኛም ማጣራት፣ ማጽዳት፣ ማዝለቅ እያሉ “አምስቱ ማዎች” ሆኑ። ሠራተኛው በራሱ ቋንቋ የሚይዘው ነገር አገኘ ማለት ነው።

እኛስ እዚህ? ስልካችን ይበቃል። ጂቦርድ ከ2017 ጀምሮ በአማርኛ የተነገረውን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። ስህተት አያጣውም፤ የማሽን ክፍሎችን ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ ያበላሻል፣ ስለዚህ የድምፅ ቅጂውን አታጥፉ። አንድ ቅጂ ስለ አንድ ብልሽት ብቻ ይሁን፦ ምን ተሰማ፣ ምን ተነካ፣ ምን ተስተካከለ። ከዚያ ልጆቻችን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱትና ለአለቃ ይቅረብ፤ ከነባለቤቱ ስም!

ጽሑፉን በዩኒኮድ አስቀምጡ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ማስታወሻ ዛሬ ስልክ ላይ ሲከፈት የተዘበራረቀ ምልክት ነው የሚያሳየው። ፋብሪካ ውስጥ ቪዲዮ ከመቅረጻችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ድምፁን ደግሞ በምሳ ሰዓት ቅዱ፤ ማሽኑ አጠገብ የተቀዳውን ስልኩም እናንተም አትሰሙትም።