ከመመለስ በፊት መስማት፦ ከሐሩራእ ክርክር የምናገኘው ትምህርት



ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ረመዳን፣ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ለኮሪደር ልማት በሚፈርሱበት ሰሞን ነው። በአንድ ወዳጃችን ቤት ለኢፍጣር ተሰባስበን ሾርባውና ሳምቡሳው ከተነሳ በኋላ ጨዋታው እንደ ልማዳችን ወደ ፖለቲካ ዞረ። ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ ቁርኣን የቀራ አንድ ወዳጄ ሥራውን የሚደግፍ ሐሳብ መናገር ጀመረ። እኔም ሳላስጨርሰው፣ «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ካድሬ የሆንከው?» አልኩት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እርሱ ግን አልሳቀም። ለተራዊሕ ስንነሳ ጫማውን አጥልቆ ቀድሞን ወጣ። ዒድ አለፈ፣ ወራት ተቆጠሩ፣ አንዳችንም ለአንዳችን አልደወልንም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይህ ነው።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ሙያዬ ነው። ጋዜጠኛ ነኝ፤ የሁለቱንም ወገን ቃል መስማት ግዴታ መሆኑን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ተምሬያለሁ። ያን ዕለት ማታ ግን የአንድ ወገን ቃል ብቻ ሰማሁ፤ እርሱም የራሴን። ከዚህ በታች የማቀርበው ታሪክ እንግዲህ በቅድሚያ ለራሴ የተሰጠ ተግሣጽ መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

በሐሩራእ ምን ሆነ?

በ37ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ657) በኸሊፋው በዓሊና በሙዓዊያህ (ረ.ዐ.) መካከል የተካሄደው የሲፊን ጦርነት በሽምግልና እንዲቋጭ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ከዓሊ ሠራዊት ውስጥ ይህን ስምምነት የተቃወሙ ሺዎች ግን ተገንጥለው በኩፋ አቅራቢያ ሐሩራእ በተባለች ስፍራ ሰፈሩ። በታሪክ ኸዋሪጅ ተብለው የሚታወቁት እነዚህ ናቸው። ክሳቸው ቀላል አልነበረም። ዓሊን ያህል ሰው ከእምነት ወጥቷል እስከማለት ደርሰዋል።

የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአጎት ልጅ የሆኑት ዐብዱላህ ኢብን ዐባስ ሄደው ሊያነጋግሯቸው ፈቃድ ጠየቁ። ዓሊ ለሕይወታቸው ቢሰጉም ፈቀዱላቸው። ኢብን ዐባስ ካላቸው የየመን ልብስ ያማረውን ለብሰው ብቻቸውን ወደ ሰፈሩ ዘለቁ። ያገኟቸው ሰዎች ከሱጁድ ብዛት ግንባራቸው የጠቆረ፣ እጃቸው የሻከረ ዓቢዶች ነበሩ። የመጀመሪያው ነቀፌታ በልብሳቸው ላይ ነበር። እርሳቸውም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያማረ ልብስ ለብሰው ማየታቸውን በአጭሩ ተናግረው ወደ ቁም ነገሩ አለፉ። የመጡትም የሶሐቦችን ቃል ወደ እነርሱ፣ የእነርሱንም ቃል ወደ ሶሐቦች ለማድረስ መሆኑን ገለጹ። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ከእርሳቸው ጋር ምንም ንግግር አያስፈልግም ቢሉም፣ ሌሎቹ ለመነጋገር ተስማሙ።

ኢብን ዐባስ በዚህ ጊዜ ዓሊን መከላከል አልጀመሩም። አስቀድመው ቅሬታቸውን በዝርዝር ጠየቁ። እነርሱም ሦስት ነገር ቆጠሩ። አንደኛ፣ ፍርድ የአላህ ሆኖ ሳለ ዓሊ ሰዎችን ዳኛ አድርጓል። ሁለተኛ፣ በጀመል ጦርነት ድል ካደረገ በኋላ ምርኮ አልያዘም፣ ንብረትም አልወረሰም። ሦስተኛ፣ በስምምነቱ ሰነድ ላይ «የምእመናን አዛዥ» የሚለውን ማዕረጉን አሰርዟል። ኢብን ዐባስ ሌላ የቀረ ነገር እንዳለ ጠየቁ፤ የለም አሉ። ከቁርኣንና ከሱና መልስ ካመጡላቸው ይመለሱ እንደሆነም ጠየቁ፤ አዎን አሉ። መልስ የጀመሩት ከዚህ በኋላ ነው።

ለመጀመሪያው፣ ቁርኣን በባልና ሚስት ጠብ ከሁለቱም ቤተሰብ ሽማግሌ እንዲላክ ማዘዙን (4፡35)፣ በኢሕራም ላይ ሆኖ አውሬ ላደነ ሰውም ሁለት ፍትሐዊ ሰዎች እንዲፈርዱ መደንገጉን (5፡95) አስታወሱ። የሙስሊሞች ደም እንዳይፈስ የሚደረግ ሽምግልና ታዲያ ከአንዲት ጥንቸል ዋጋ ያንሳልን? ለሁለተኛው፣ ከተሸናፊው ወገን የነበሩት የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) መሆናቸውን አንስተው፣ እናታችሁን ልትማርኩ ነውን? ሲሉ ጠየቁ። ለሦስተኛው፣ በሁደይቢያህ ስምምነት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቁረይሾች ስለተቃወሙ «የአላህ መልእክተኛ» የሚለው እንዲፋቅ ማድረጋቸውን፣ በዚህም ነብይነታቸው እንዳልጎደለ ተናገሩ። በእያንዳንዱ መልስ መጨረሻ ነጥቡ መዘጋቱን እያረጋገጡ ነበር ወደሚቀጥለው የሚያልፉት። በታወቀው ዘገባ መሠረት ከስድስት ሺህ ያህሉ ሰዎች ሁለት ሺህ ተመለሱ።

ምን እንማራለን?

አንደኛው ትምህርት ስለ ቅደም ተከተል ነው። ኢብን ዐባስ የተቃዋሚን ሐሳብ ከራሱ አፍ አስቆጥረው ሰምተዋል። እኛ በፖለቲካ ስንከራከር አብዛኛውን ጊዜ የምንመልሰው ሰውዬው ላላለው ነገር ነው። «ካድሬ»፣ «ባንዳ»፣ «ጽንፈኛ» የሚሉ ስሞች ሁሉ የሚያገለግሉት ለዚሁ ነው፤ ስም ከወጣ በኋላ ማዳመጥ አያስፈልግማ! ሱረቱል ሑጁራት በመጥፎ ስሞች መጠራራትን የከለከለው (49፡11) በከንቱ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ሁለቱም ወገን የሚቀበሉት ሚዛን መኖር አለበት። በሐሩራእ ሚዛኑ ቁርኣንና ሱና ነበር። ስለ ከተማ፣ ስለ ቤትና ስለ ካሳ ከተለያየ እምነት ጎረቤት ጋር ስንነጋገር ደግሞ ሚዛናችን ሕጉ፣ በዓይን የታየው ማስረጃና ለሁላችንም የሚሠራው ፍትሕ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ከመጀመራችን በፊት በምን እንደምንመዝን መስማማታችን ነው።

ሦስተኛው ሥልጣን ላለው ወገን የተሰጠ ትምህርት ነው። ዓሊ (ረ.ዐ.) በአደባባይ ለሚቃወሟቸው ለእነዚሁ ሰዎች ከመስጊድ ላይከለክሏቸው፣ አብረዋቸው እስካሉ ከበይተል ማል ድርሻቸውን ላያስቀሩ፣ ጦር እስካላነሱም ድረስ ላይወጓቸው ቃል ገብተዋል። ሰው ተቃውሞውን በግልጽ የሚናገረው እንጀራውና ሕይወቱ እንደማይነካ ሲያውቅ ነው።

በእርግጥ ውይይት ሁሉንም አልመለሰም። ከቀሩት ውስጥ የነበሩ ሰዎች ዐብዱላህ ኢብን ኸባብንና ነፍሰ ጡር ሚስቱን ገደሉ። ገዳዮቹን አሳልፈው አንሰጥም በማለታቸው በ38ኛው ዓመተ ሂጅራ የነህረዋን ጦርነት ተካሄደ። በ40ኛው ዓመት ዓሊን የገደላቸውም ከዚሁ ወገን የሆነ ሰው ነው። የመስማት ወሰኑ እዚህ ላይ ነው፤ ደም ማፍሰስ ሐሳብ አይባልም። ይሁንና ከሞት የተረፉትን ሁለት ሺህ ነፍሶች ያተረፈው አንድ ከሰዓት በኋላ የተደረገ ንግግር መሆኑን አንርሳ።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። በመጨረሻ ሱቁ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ የዚያን ዕለት ሊናገር የነበረውንም እንዲጨርስልኝ ለመንኩት። ሻይ አስመጣና ሦስት ነገር ቆጠረልኝ። ያደገበት ግቢ ውስጥ ለዘጠኝ አባወራ አንድ መጸዳጃ ቤት ነበር፤ እናቱ በእርጅናዋ በሌሊት ወረፋ ስትጠብቅ አይቷል። ያለ በቂ ጊዜና ያለ በቂ ካሳ ሰው ይነሳ አላለም። ቅርስ የሆነ ቤትም ይፍረስ አላለም። ለካ ያን ማታ አፉን ያዘጋሁት እኔው ራሴ ላነሳው የምችለውን ነገር እንዳይናገር ነው! «ሌላስ?» አልኩት። «አሁን ያንተን ቁጠርልኝ» አለኝ። ስለሚበተነው ዕድር፣ ከመስጊዳቸው ስለሚርቁት አዛውንት፣ ደንበኛዋን ስለምታጣው ቡና አፍዪ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። በሁሉም አልተስማማንም። ነገር ግን የዐስር አዛን ሲል አብረን ተነሳን፤ በአንድ ሶፍም ቆምን።

ውድ አንባቢ ሆይ! በአንተስ ዘንድ በአንዲት ቃል የተኳረፍከው ወንድም የለምን? እንግዲያውስ መልስህን ለጊዜው አቆየውና ቅሬታውን አስቆጥር። ሲጨርስም የቀረ ነገር እንዳለ ጠይቀው።

አላህ ሰምተው መልካሙን ከሚከተሉት ያድርገን። አሚን!