የምንከፍለው ለምንድን ነው? የስልክ ወጪን በስሌት ስለ መቀነስ

በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ቀደም ባለው ዘመን በአካባቢው ከነበረው የሽቦ አልባ መገናኛ ጣቢያ ነው። ያለ ሽቦ በአየር የሚሄድ መልእክት ለዘመኑ ሰው እንግዳ ነገር ስለ ነበረ፣ ነፋስ የሚያደርሰው ስልክ በሚል አነጋገር «ነፋስ ስልክ» ተባለ። ዛሬ በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ከጎፋ እስከ ለቡና ጀሞ ድረስ፣ ብዙው ተማሪ የራሱን «ነፋስ ስልክ» በኪሱ ይዞ ይዞራል። ችግሩ ነፋሱ በነፃ አለመንፈሱ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ ጀሞ አካባቢ ቤት ተከራይቶ የሚማር አንድ ወጣት እንውሰድ። ከቤተሰቡ በሚላክለት ገንዘብ የቤት ኪራዩን፣ ምግቡንና መጓጓዣውን ይሸፍናል። ወሩ ሳይጋመስ ግን የስልኩ ሂሳብ ያልቃል። ተራ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዙት እናቱም ድምፁን ሳይሰሙ ይሰነብታሉ። ይህ ወጣት ምን ማድረግ ይችላል? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በሳይንስ ዓይን ለማየት እንሞክራለን። የጽሑፋችን ዋና ሐሳብም ይህ ነው፤ የስልክ ወጪን ለመቀነስ በመጀመሪያ ዋጋው በምን እንደሚቆጠር ማወቅ ያስፈልጋል።

ርቀት ወጪ የነበረበት ዘመን

በአገራችን ከተማን ከከተማ ያገናኘው የመጀመሪያው የስልክና የቴሌግራፍ መስመር እ.ኤ.አ. ከ1897 እስከ 1899 ባለው ጊዜ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው ሲሆን፣ ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። በእንዲህ ዓይነቱ መስመር ርቀት በእርግጥም ወጪ ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎ ሜትር እንጨት፣ ሽቦና ጠባቂ ይፈልጋል። ድምፁን ተሸክሞ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ሞገድም በሽቦው ውስጥ በረዘመ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል። ከሁሉም በላይ ሁለት ሰዎች መስመሩን ሲይዙት ሌሎቹ ተራ መጠበቅ ነበረባቸው። ከከተማ ወደ ከተማ መደወል ለረጅም ዘመን ውድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የዛሬው አሠራር ከዚህ በእጅጉ የተለየ ነው። ድምፃችን ወደ ቁጥር ይለወጣል። በተለመደው የስልክ አሠራር የድምፁ መጠን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልኬት በ8 ቢት ይጻፋል። ስለዚህ አንድ ድምፅ በሰከንድ 64,000 ቢት ይሆናል ማለት ነው። በሰከንድ 10 ቢሊዮን ቢት የሚያስተላልፍ አንድ የብርሃን መስመር፣ ማለትም ፋይበር፣ በስሌት ከ156,000 በላይ እንዲህ ያሉ ድምፆችን በአንድ ጊዜ ሊሸከም ይችላል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝም፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ለመሄድ የሚፈጅበት ጊዜ ከሰከንድ አንድ ሺሕኛ ተኩል ብቻ ነው።

ስለሆነም በአገር ውስጥ ከጀሞ ወደ ጎፋም ሆነ ወደ ደብረ ማርቆስ በሞባይል ሲደወል፣ መረቡ አንድ እስከሆነ ድረስ ዋጋው በርቀት አይለይም። ዋጋው የሚቆጠረው በሦስት ነገሮች ነው፤ በጊዜ፣ በመልእክት ብዛትና በቢት ብዛት። እነዚህን አንድ በአንድ እንመልከት።

ሰከንድና ደቂቃ

የጥሪ ሂሳብ መቆጠር የሚጀምረው ተደዋዩ ስልኩን ሲያነሳ ነው። ከዚያ በፊት በስልኩና በጣቢያው መካከል የሚተላለፈው የጥሪ ምልክት ብቻ ነው። ተማሪዎች «ሚስድ ኮል» እያደረጉ ያለ ክፍያ የሚግባቡት በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ጠርቶ ሲቋረጥ «ደርሻለሁ»፣ ሁለት ጊዜ ሲሆን «ደውልልኝ» ማለት እንደሆነ አስቀድሞ መስማማት ብቻ ይበቃል።

ስልኩ ከተነሳ በኋላ ግን አሃዱን ማወቅ ግድ ይሆናል። ሂሳቡ በደቂቃ የሚቆጠር ከሆነ 15 ሰከንድ የተነጋገረ ሰው የ60 ሰከንድ ይከፍላል፤ ይኸውም የተጠቀመበትን አራት እጥፍ ማለት ነው። 61 ሰከንድ የተነጋገረ ደግሞ የሁለት ደቂቃ ይከፍላል። የጥሪዎቻችን ርዝመት ያለ ልዩነት የተበታተነ ነው ብለን ብናስብ፣ በእያንዳንዱ ጥሪ በአማካይ ግማሽ ደቂቃ በከንቱ እንከፍላለን። በቀን 10 ጊዜ የሚደውል ሰው በወር 150 ደቂቃ ያህል ሳይነጋገርበት ይከፍልበታል። በሰከንድ የሚቆጠር ከሆነ ይህ ኪሳራ የለም። ስለዚህ ከማንኛውም አገልግሎት አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ «የሚቆጠረው በምንድን ነው?» የሚል መሆን አለበት።

ጥቅልና የማይነገርለት ዋጋው

በአገራችን የሞባይል አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1999 ከተጀመረ ወዲህ ታሪፉ ብዙ ለውጥ አሳይቷል። ከለውጦቹ አንዱ ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ያደረገው ቅናሽ ሲሆን፣ የሞባይል ድምፅ 40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ደግሞ 43 በመቶ ቀንሶ ነበር። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ደንበኛው ሁለት ድርጅቶችን የማወዳደር ዕድል አገኘ። ነገር ግን ምርጫ ሲበዛ ስሌትም ይበዛል።

ጥቅል ስንገዛ የምናየው የአንዱን ደቂቃ ርካሽነት ነው። እውነተኛው ዋጋ የሚገኘው ግን የጥቅሉን ዋጋ በተጠቀምንባቸው ደቂቃዎች ስናካፍል ነው። 100 ደቂቃ በ40 ብር ተገዛ እንበል። ሁሉንም ከተጠቀምንበት አንዱ ደቂቃ 40 ሳንቲም ይሆናል። ጊዜው ሳያልፍ 30 ደቂቃ ብቻ ከተጠቀምን ግን አንዱ ደቂቃ 1 ብር ከ33 ሳንቲም ደረሰ ማለት ነው። በተጨማሪም የጥቅሉ ደቂቃ ወደ ሌላው ድርጅት ቁጥር ለመደወል ያገለግል እንደሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህን ያልተመለከተ ሰው ጥቅሉ ሳይነካ ዋናው ሂሳቡ ሲያልቅ ሊያገኘው ይችላል።

ፊደላችንና የጽሑፍ መልእክት

አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት፣ ማለትም 1,120 ቢት ብቻ ነው። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚጻፍ 160 ምልክት ይገባበታል። የግዕዝ ፊደል ግን በ16 ቢት ስለሚጻፍ የሚገባው 70 ምልክት ነው። መልእክቱ ከዚህ ሲበልጥ ለሁለት ይከፈላል፤ ክፍያውም የሁለት ይሆናል። ሲከፈል ክፍሎቹን የሚያያይዝ መረጃ ቦታ ስለሚወስድ፣ በእያንዳንዱ ክፍል የሚገባው ወደ 67 የግዕዝ ወይም ወደ 153 የላቲን ምልክት ይወርዳል።

ታዲያ በላቲን መጻፍ ከእጥፍ በላይ ይረክሳልን? በምሳሌ እንፈትነው። «እማዬ ደህና ደርሻለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ፈተና ስላለብኝ እሑድ ማታ እደውላለሁ።» ይህ መልእክት ክፍት ቦታውንና ነጥቡን ጨምሮ 47 ምልክት ነው። በተለመደው አጻጻፍ በላቲን ሲጻፍ 78 ይሆናል። ምክንያቱም የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይሸከማል። በዚህ ምሳሌ መሠረት 70 የግዕዝ ፊደል ወደ 116 የላቲን ፊደል ይመዝናል። ስለዚህ የላቲኑ ብልጫ 160 ለ70 መስሎ ቢታይም በተግባር 160 ለ116 ያህል ብቻ ነው። አጠር አድርጎ የሚጽፍ ሰው በገዛ ፊደሉ ጽፎ አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር ሊልክ ይችላል።

እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ማደባለቅ ነው። በላቲን በተጻፈ የ100 ምልክት መልእክት ውስጥ አንዲት የግዕዝ ፊደል ወይም አንዲት የፈገግታ ሥዕል ብትገባ፣ መልእክቱ በሙሉ ወደ 16 ቢት ይለወጥና ለሁለት ይከፈላል።

ድምፅ በኢንተርኔት

በ1994 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት በድምፅ መነጋገርን ከልክሎ ነበር። ዛሬ ግን በቤይሩት ወይም በዋሽንግተን ካሉ ዘመዶች ጋር በኢሞ፣ በዋትስአፕና በቴሌግራም መነጋገር የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል። በመደበኛው ስልክ ወደ ውጭ አገር ሲደወል ደዋዩ ያለበት አገር ድርጅት ጥሪውን ለሚያደርሰው ድርጅት ይከፍላል፤ ይህም በታሪፉ ላይ ይደመራል። በኢንተርኔት ግን የምንከፍለው ለቢት ስለሆነ የድንበር ልዩነት የለም።

ስንት ቢት ይፈጃል? የዛሬዎቹ መተግበሪያዎች ድምፅን ጨምቀው በሰከንድ 24,000 ቢት ያህል ሊያደርሱት ይችላሉ። ድምፁ በሰከንድ በ50 ትንንሽ እሽጎች ተከፍሎ ሲላክ እያንዳንዱ እሽግ የአድራሻ መረጃ ይለጠፍበታል፤ ይህም ቢያንስ 40 ባይት ነው። በሰከንድ ሲሰላ 16,000 ቢት ይሆናል። ድምሩ 40,000 ቢት ነው። ስልካችን ስለሚልክም ስለሚቀበልም በእጥፍ 80,000 ይደርሳል። በደቂቃ ሲባዛ ወደ 600 ኪሎ ባይት ይመጣል። በመሆኑም 100 ሜጋ ባይት ለ166 ደቂቃ ያህል ንግግር ይበቃል።

ምስል ሲጨመርበት ግን ነገሩ ይለወጣል። በየአቅጣጫው በሰከንድ 500,000 ቢት ቢፈጅ በደቂቃ 7.5 ሜጋ ባይት ያስፈልጋል። አንድ ደቂቃ መተያየት ከ12 ደቂቃ በላይ መነጋገርን ይበላል ማለት ነው። በአንጻሩ ተቀድቶ የሚላክ የአንድ ደቂቃ ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሄድ በተመሳሳይ ጭመቃ 180 ኪሎ ባይት ያህል ነው።

ወደ ወጣቱ ስንመለስ

እናቱ የያዙት ተራ ስልክ በመሆኑ የኢንተርኔት ጥሪ አይደርሳቸውም። ለእርሳቸው የሚሆነው ገንዘብ ከሌላ ቦታ መቆጠብ አለበት። ለስሌት ያህል ጥሪ በደቂቃ 1 ብር፣ የጽሑፍ መልእክት 40 ሳንቲም ነው እንበል፤ ሂሳቡም በደቂቃ ይቆጠር። ወጣቱ በቀን 8 ጊዜ ለጓደኞቹ «የት ነህ?»፣ «መምህሩ ገቡ?» ለማለት ብቻ ይደውላል። ጥሪዎቹ ከደቂቃ ባይበልጡም በወር 240 ብር ይፈጁበታል። ከስምንቱ አምስቱን በጽሑፍ መልእክት ቢተካ ወጪው በቀን 5 ብር፣ በወር 150 ብር ይሆናል። የተረፈው 90 ብር የ90 ደቂቃ ዋጋ ነው። በወር ውስጥ ላሉት አራት እሑዶች ሲከፋፈል በየሳምንቱ 22 ደቂቃ ከእናቱ ጋር ለመነጋገር ያስችለዋል።

ውድ አንባብያን፣ ከላይ የተጠቀሱትን የቢት መጠኖች በራሳችሁ ስልክ እንድትፈትኑ እንጋብዛችኋለን። በስልካችሁ ቅንብር ውስጥ የሚገኘውን የኢንተርኔት ፍጆታ ቆጣሪ መዝግቡ። ሌሎች መተግበሪያዎች እንዳይሠሩ ካደረጋችሁ በኋላ 10 ደቂቃ በድምፅ ተነጋገሩና ልዩነቱን ለ10 አካፍሉ። ውጤቱ ከ600 ኪሎ ባይት በላይ ወይም በታች ቢሆን ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል? በመቀጠልም የአንድ ሳምንት ጥሪዎቻችሁን ርዝመት ከስልኩ መዝገብ ላይ ጽፋችሁ፣ በደቂቃና በሰከንድ ቢቆጠሩ የሚኖረውን ልዩነት አስሉ። ከዚያም የምትገዙትን ጥቅል በተጠቀማችሁበት ልክ አካፍሉ። ለእናንተ የሚበጀው የትኛው እንደሆነ ከማንም ማስታወቂያ ይልቅ ይህ ወረቀት ይነግራችኋል።