የቤት አስተርጓሚ ዶርም ሲገባ

በኦሪየንቴሽን ሳምንት ስለ ልብስ ማጠብ፣ ስለ ካፍቴሪያ ካርድ፣ ስለ ሩምሜትና ስለ ናፍቆት ብዙ ሰምታችኋል። አንድ ነገር ግን ማንም አያነሳም። ብዙዎቻችን ከቤት ስንወጣ ትተነው የምንሄደው ሥራ አለ። ደመወዝ የለውም፣ ስምም የለውም። ማንበብ ከቻልንበት ጊዜ ጀምሮ የቤቱ አስተርጓሚና ጸሐፊ ነበርን። ደብዳቤ ሲመጣ "ልጄ፣ ነይ እስቲ ይቺን እይልኝ" ይባላል። ክሊኒክ ቀጠሮ ሲኖር ከትምህርት ቤት ቀርተን አብረን እንሄዳለን። ለመብራት፣ ለኢንሹራንስ፣ ለታናሽ ወንድም አስተማሪ የምንደውለው እኛ ነን።

ታዲያ እኛ ዶርም ስንገባ ያ ሥራ በማን ላይ ይወድቃል? ነርሲንግ እየተማርኩ ያወቅኩትንና በቤታችን ሞክረን የሠራልንን ላካፍላችሁ። የማነሳቸው ሕጎች የአሜሪካ ናቸው፤ አውሮፓና ሌላ አገር ያላችሁ የአገራችሁን ሕግ ጠይቁ።

1. መጀመሪያ ሥራውን ቁጠሩት

ከመሄዳችሁ በፊት፣ ወይም በመጀመሪያው እረፍት፣ ለቤተሰባችሁ በአንድ ወር የምትሠሩትን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉ። እኔ ስጽፈው አንድ ገጽ አልበቃኝም። ከዚያ ለሦስት ክፈሉት። አንደኛው፣ ወላጆች አንዴ ከታዩ ራሳቸው የሚችሉት ነው፤ ቢል በስልክ መክፈል፣ መድኃኒት በስልክ ቁጥር ማሳደስ። አባቴ ሁለት ጊዜ አብረን ካደረግነው በኋላ "ይሄ ነው እንዴ?" አለኝ። ሁለተኛው ባለሙያ ሊሠራው የሚገባ ነው፤ የሐኪም ቤት፣ የፍርድ ቤትና የኢሚግሬሽን ጉዳይ። ሦስተኛው ከእኛ ጋር የሚቀረው ነው። ሦስተኛው ክፍል ከምትገምቱት በጣም ያንሳል።

2. አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው

ብዙ ወላጆች አስተርጓሚ መጠየቅ ሰው ማስቸገር ይመስላቸዋል፤ ወይም ገንዘብ የሚያስከፍል ይመስላቸዋል። አይደለም። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ምዕራፍ 6 ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት በትውልድ አገር ምክንያት አድልዎ እንዳያደርግ ይከለክላል፤ የቋንቋ እርዳታ መከልከልም በዚሁ ይታያል። በ2010 የወጣውና ብዙዎች ኦባማ ኬር የሚሉት ሕግ ክፍል 1557 ደግሞ ይህን በጤና አገልግሎት ላይ ያጠናክረዋል። ሜዲኬይድ ወይም ሜዲኬር የሚቀበል ሐኪም ቤት አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። ከድንገተኛ አደጋ በቀር ዕድሜው ያልደረሰ ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ መጠቀምም አይፈቀድለትም። ዋሽንግተን ዲሲ ላላችሁ፣ ከተማው በ2004 ያወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፤ አማርኛም የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቀጠሮ ሲያዝ "አማሪክ ኢንተርፕሬተር፣ ፕሊስ" ማለት ይበቃል። እማዬ ይህችን ቃል በትንሽ ካርድ ላይ በእንግሊዝኛ ጽፌላት ከኢንሹራንስ ካርዷ ጋር ይዛለች። ብዙ ጊዜ አስተርጓሚው በስልክ ወይም በቪዲዮ ነው የሚመጣው። ቀድሞ መናገር ግን ይሻላል፤ በዕለቱ ሲጠየቅ መጠበቅ ሊኖር ይችላል።

3. እኛ እያለን ለምን ባለሙያ?

በነርሲንግ ትምህርት ከመጀመሪያዎቹ ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ የቤተሰብ አባል አያስተርጉም፤ ስትናገሩም አስተርጓሚውን ሳይሆን በሽተኛውን እዩ። ይህን ስሰማ ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ የሠራሁት ሥራ ዓይኔ ላይ መጣ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። እናት "ልቤን ያጥወለውለኛል" ስትል ማቅለሽለሹን እየነገረች ነው። ቃል በቃል የተረጎመ ልጅ ግን ሐኪሙን ወደ ልብ ሕመም ይመራዋል። "ጨጓራዬ" የሚለው ቃል የሰውነት ክፍሉንም ሕመሙንም ይጠራል። ሰዓትም አለ፤ ጠርሙሱ ላይ ጠዋት 8 ተብሎ የተጻፈው በእኛ 2 ሰዓት ነው። ሁለቱን ሰዓት የሚያቀላቅል ቤት መድኃኒቱን በስድስት ሰዓት ሊያዛንፍ ይችላል። ስለዚህ ፍሪጃችን ላይ የለጠፍኩት የመድኃኒት ሰንጠረዥ የሰዓቱን ቁጥር በሁለቱም አቆጣጠር ያሳያል።

ከቃላቱ በላይ ግን ሌላ ነገር አለ። ልጅ መጥፎ ዜናን ያለዝባል። እናትም ልጇ ፊት የማትናገረው ሕመም አላት። እማዬ ያለ እኔ፣ በስልክ አስተርጓሚ የመጀመሪያ ቀጠሮዋን ጨርሳ ስትደውልልኝ "ዛሬ አንቺ ፊት ጠይቄ የማላውቀውን ጠየቅኩ" አለችኝ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ያን ሁሉ ዓመት አጠገቧ መቀመጤ እንደረዳት ሁሉ አፏንም ይዞት እንደነበረ ያን ቀን ገባኝ።

4. ለቀረው ሥራ ቀን ስጡት

አሁን ስለ እኛ ሰዓት። በፌደራል አሠራር አንድ የክሬዲት ሰዓት ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥና ቢያንስ ሁለት ሰዓት ከክፍል ውጭ የሚሠራ ሥራ ነው። 15 ክሬዲት የያዘ ተማሪ በሳምንት 45 ሰዓት ሥራ አለው ማለት ነው። ይህ ከሙሉ ጊዜ ሥራ ይበልጣል። ለወላጆቻችሁ በዚሁ ቁጥር አስረዷቸው። "ቢዚ ነኝ" የሚለውን ማንም አይረዳውም፤ 45 ሰዓት ግን ሁለት ሥራ የሚሠራ አባት በደንብ ይገባዋል።

በቤታችን የደብዳቤ ቀን እሑድ ማታ ነው። በሳምንቱ የመጣውን ወንድሜ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል፤ በአንድ ቁጭታ እንጨርሰዋለን። እሑድን የማይጠብቀው የመጨረሻ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ብቻ ነው። በሌላው ቀን ስንደዋወል ስለ ወረቀት አናወራም። "በላሽ?" እና "ምን ሠራችሁ?" ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ ንገሯቸው። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የፊት መጣመም፣ የእጅ መዛል ሲመጣ መጀመሪያ የሚደወለው 911 ነው፣ ከዚያ በኋላ ለእኛ። "አማሪክ" ካሉ በአብዛኛው ቦታ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኟቸዋል። እኛን ክፍል ውስጥ ለማግኘት የሚያልፈው ጊዜ ለስትሮክ በጣም ብዙ ነው።

5. የእኛም ወረቀት አለ

በ1974 የወጣው ፌርፓ የሚባለው ሕግ ኮሌጅ ከገባን በኋላ በትምህርት መዝገባችን ላይ ያለውን መብት ከወላጅ ወደ እኛ ያዛውረዋል። ኮሌጁ አብዛኛውን ጊዜ ውጤታችንን ለቤት አይልክም። 18 ዓመት ከሞላን በኋላ ሐኪም ቤትም የሕክምና መረጃችንን በመሠረቱ ያለ ፈቃዳችን አይሰጥም።

እስቲ አስቡት። እኛ የእነሱን ዕዳ፣ ደመወዝ፣ የደም ምርመራ ሁሉ አንብበናል። እነሱ ግን የእኛን በመሠረቱ ያለ ፈቃዳችን አያዩም። መብታችን ነው፣ አስፈላጊም ነው። ግን ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ መሆኑን ማወቅ ደግ ነው። "ትምህርት እንዴት ነው?" ሲሉ "ጥሩ ነው" ብሎ ከመዝጋት፣ የትኛው ኮርስ እንደከበደና ምን እያደረግን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር መንገር ይቻላል። የግቢ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁም ድንገት ብንታመም ለማን እንዲነገር እንደምትፈልጉ የሚገልጸውን ፎርም ሙሉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

በዚህ ሳምንት የሚሠራ

ዝርዝሩን ጻፉ። የአስተርጓሚዋን ካርድ አዘጋጁ። የደብዳቤ ቀን ምረጡ። የጤና ጣቢያውን ፎርም ሙሉ። መጀመሪያ ላይ "እኛ እንችላለን፣ አንቺ ተማሪ" ብለው ደብዳቤ ሊደብቁ ይችላሉ፤ ስለዚህ እሑድ ማታ "ምን መጣ?" ብላችሁ እናንተ ጠይቁ። ታናናሾች ካሏችሁ ደግሞ ሥራው በዝምታ ወደ እነሱ እንዳይዞር ተጠንቀቁ። የ12 ዓመት ወንድሜ ፎቶ ያነሳል እንጂ ሐኪም ቤት ገብቶ አያስተረጉምም፤ በዚህ ላይ ከእማዬና ከአባዬ ጋር ተስማምተናል።

መልካም ሴሚስተር!