ዴዴሳ ሲወርዱ ባትሪዎን ያስቡ

ጥያቄ፦ የምኖረው አርጆ ነው። በኤሌክትሪክ መኪናዬ ወደ በደሌ እመላለሳለሁ። በበጋ የዴዴሳ ሸለቆ ሙቀት ያሳስበኛል። ባትሪው እንዳይጎዳ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይህ የብዙዎች ጥያቄ ሆኗል።

የሊቲየም ባትሪን ቶሎ የሚያስረጀው ሙቀትና ሙሉ ቻርጅ ሲገናኙ ነው። ስለዚህ ለዕለት ተዕለት ጉዞ ከ20 እስከ 80 በመቶ ይበቃል። የመኪናዎ መመሪያ መጽሐፍ አልፎ አልፎ እስከ 100 ይሙሉ ካለ ግን እሱን ይከተሉ።

የእርስዎ መንገድ አንድ የተለየ ነገር አለው። ከአርጆ ደጋ ወደ ዴዴሳ ሲወርዱ ሞተሩ ራሱ ፍሬን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ባትሪው ጢም ብሎ ከተነሡ ግን ያንን ኃይል መቀበያ ቦታ ስለማይኖረው ሸክሙ በፍሬኑ ሸራ ላይ ይወድቃል።

ዳገቱን ሲወጡ ደግሞ ባትሪው ይግላል። ቤት እንደደረሱ ቻርጀሩን አይሰኩ፤ በረድ ይበል። ካቆሙ በኋላም ማራገቢያው ቢሰማ አይደንግጡ፣ እያቀዘቀዘ ነው።

መኪናዋን ከዛፍ ጥላ ሥር ያቁሙ። የጎማ ንፋስ ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል ያስለኩ። የማቀዝቀዣውን ፈሳሽ መጠን ይዩ፤ ክዳኑን ግን በጋለበት ፈጽሞ አይክፈቱ። የሙቀት ማስጠንቀቂያ ከበራ ጥላ ፈልገው ይቁሙ። ባትሪው ከመኪናዋ ሁሉ ውዱ አካል ነውና ትዕግሥትዎን አይንፈጉት።