የሴት ብልት ጤንነትና የሕመም ምልክቶች

በጤነኛ ሴት ብልት ውስጥ ጠቃሚ የሆኑ ረቂቅ ተሕዋስያን ይኖራሉ። እነዚህን ተሕዋስያን አልበርት ዶደርላይን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1892 በጽሑፍ ገልጿቸዋል። የሚያመነጩት አሲድ በሽታ አምጪ ጀርሞች እንዳይራቡ ይከላከላል። ስለዚህ ብልትን ከውጭ በኩል በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይበቃል፤ ውስጡን በሳሙና ማጠብ ግን ጠባቂዎቹን ይጎዳል።

ነጣ ያለ ወይም ቀለም የሌለው ጥቂት ፈሳሽ ከብልት መውጣቱ የተፈጥሮ ሥርዓት እንጂ ሕመም አይደለም። መጠኑም በወር አበባ ዑደት ይለዋወጣል። ነገር ግን ፈሳሹ እንደ አይብ ተቋጥሮ ማሳከክ ሲከተለው፥ ቢጫ፥ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ሲሆን፥ መጥፎ ሽታ ሲኖረው፥ ወይም ሽንት ሲያቃጥል የሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። ምልክቶቹ ስለሚመሳሰሉ የበሽታውን ዓይነት መርምሮ የሚለየው የጤና ባለሙያ ነው። ሳይታከሙ የቆዩ አንዳንድ ሕመሞች ወደ ማኅፀን ተዛምተው መካንነትን ሊያስከትሉ ይችላሉ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንዲሉ፥ እንዲህ ያለ ምልክት ያየች ልጃገረድ ሳታፍር ለእናቷ ወይም ለምታምናት ታላቅ ነግራ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባታል።

ጥያቄ፦ የብልትን ውስጥ በሳሙና ማጠብ የሚጎዳው ስለምንድን ነው?